የማይወይብ ሳሙና፣ የማያታልል መጠቅለያ

ለሰበካ ጉባኤያት የልማት ኮሚቴ አባላትና ለካህናት የቀረበ ንግግር

ክቡራን አባቶቻችን፣ የተከበራችሁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ በሳሙና ሥራ የተሰማራችሁ እናቶችና እኅቶች፤

ዛሬ የተሰበሰብንበት ጉዳይ ለስሙ ትንሽ ነው፤ ሳሙና ነው። ይሁን እንጂ በየአጥቢያው በማኅበር ተደራጅተው ሳሙና የሚሠሩ እናቶች የቤት ኪራያቸውንና የልጆቻቸውን ደብተር የሚሸፍኑት ከዚሁ ከሳሙናው ነው። ስለሆነም ቀለሙ ተለውጦ በመደርደሪያ ላይ የሚቀር እያንዳንዱ ፍሬ ሳሙና ከአንድ ቤተሰብ ማዕድ የሚጎድል እንጀራ መሆኑን ልንዘነጋ አይገባንም።

ከማኅበራቱ ደጋግመው የሚደርሱን ጥያቄዎች ሁለት ናቸው። የመጀመሪያው፣ «ሳሙናችን ከቅርጹ ሲወጣ ነጭ ነው፤ ጥቂት ሳምንታት ሲቆይ ግን ይወይባል፣ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ገዢም ያረጀ መስሎት ይተወዋል፤ ምን ብናደርግ ይሻላል?» የሚል ነው። ሁለተኛው ደግሞ፣ «ጀርም የሚገድል ቅመም ጨምረን በመጠቅለያው ላይ ‹ፀረ ተሕዋስያን› ብለን ብንጽፍበት ከፋብሪካው ሳሙና ጋር መወዳደር አንችልም ወይ?» የሚል ነው። ጥያቄዎቹ የተለያዩ ይመስላሉ፤ በእኛ አስተያየት ግን መልሳቸው አንድ ነው። ሳሙናን ከመወየብ የሚጠብቀው ንጹሕ አሠራር ነው። እጅንና ገላን ከተሕዋስያን የሚያጸዳውም ያው በንጹሕ አሠራር የተሠራ ሳሙና፣ ከውሃና ከመታሸት ጋር ሆኖ ነው። የሚጨመረው ቅመም ለጽዳቱ የሚያበረክተው ነገር እምብዛም ሲሆን፣ የመወየቡን ችግር ግን ሊያባብሰው ይችላል። ይህንን በየተራ እናስረዳለን።

ሳሙና እንዴት ያጸዳል?

ሳሙና የስብና የኮስቲክ ሶዳ ውጤት ነው። ሞራ ወይም ዘይት በውሃ ከተበጠበጠ ኮስቲክ ሶዳ ጋር በትክክለኛ መጠን ሲዋሐድ፣ ስቡም ሶዳውም የቀድሞ ጠባያቸውን ትተው ሳሙናና ግሊሰሪን ይሆናሉ። በሚገባ በተሠራ ሳሙና ውስጥ ቆዳ የሚያቃጥል ሶዳ አይቀርም።

እያንዳንዷ የሳሙና ቅንጣት ሁለት ጫፍ አላት፤ አንደኛው ውሃን ይወዳል፣ ሌላኛው ስብን ይወዳል። በእጃችን ላይ ያለው ላብ፣ ቅባትና እድፍ ተሕዋስያንን አቅፎ ይይዛቸዋል። ውሃ ብቻውን ቅባትን ማስለቀቅ ስለሚያቅተው በውሃ ብቻ የታጠበ እጅ የጸዳ ይመስላል እንጂ አይጸዳም። ሳሙና ግን በአንድ ጫፉ ቅባቱን ይዞ፣ በሌላኛው ጫፉ ውሃውን ተከትሎ ስለሚሄድ ተሕዋስያኑ ከነእድፋቸው ተነቅለው ይወርዳሉ። ከዚህም ሌላ እንደ ኮሮናና እንደ ኢንፍሉዌንዛ ያሉት ቫይረሶች የስብ ሽፋን ስላላቸው ሳሙናው ራሱ ሽፋናቸውን ያፈርሰዋል። በ2012 ዓ.ም. ወረርሽኙ ወደ ሀገራችን በገባ ጊዜ ከጤና ባለሙያዎች የሰማነው ምክር፣ እጃችሁን ቢያንስ ለ20 ሰከንድ በሳሙና ታጠቡ የሚል ነበር፤ በተለየ ቅመም የተሠራ ሳሙና ፈልጉ የሚል አልነበረም።

ቅመሙ ምን ያህል ይጨምራል?

«ፀረ ተሕዋስያን» እየተባሉ በሚሸጡ ደረቅ ሳሙናዎች ውስጥ ለብዙ ዘመን በስፋት ያገለገሉት ትራይክሎካርባንና ትራይክሎሳን የሚባሉት ኬሚካሎች ናቸው። ስለ ጥቅማቸው በግምት ከምንናገር፣ በተግባር የተፈተነውን ብናይ ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2003 በፓኪስታን የካራቺ ከተማ፣ ድሆች በተጨናነቀ ሁኔታ በሚኖሩባቸው መንደሮች አንድ ጥናት ተካሄደ። ስቲቨን ሉቢ የተባሉት ሐኪምና የሥራ ባልደረቦቻቸው 300 ለሚሆኑ ቤተሰቦች ተራ ሳሙና፣ ለሌሎች 300 ቤተሰቦች ደግሞ 1.2 በመቶ ትራይክሎካርባን ያለበት ሳሙና በነጻ ሰጡ፤ ለሁለቱም ወገኖች መቼና እንዴት መታጠብ እንደሚገባ በየሳምንቱ አስተማሩ። 306 ቤተሰቦች ደግሞ ለማነጻጸሪያ እንዲሆኑ በቀድሞ ልማዳቸው ቆዩ። ውጤቱ እ.ኤ.አ. በ2005 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ። ሳሙናና ትምህርት በደረሳቸው ቤቶች ዕድሜያቸው ከ5 ዓመት በታች በሆኑ ሕፃናት ላይ የሳንባ ምች በግማሽ ቀነሰ፤ ከ15 ዓመት በታች በሆኑት ላይ ተቅማጥ በ53 በመቶ ቀነሰ። የልጆች ቆዳ ላይ የሚወጣው መግል የቋጠረ ቁስልም በ34 በመቶ ቀነሰ። ቅመም ባለው ሳሙናና በተራው ሳሙና መካከል ግን ይህ ነው የሚባል ልዩነት አልተገኘም። ልጆቹን የጠበቃቸው ሳሙናው፣ ውሃውና የመታጠብ ልማዱ ነበር።

ምክንያቱም ለመረዳት አስቸጋሪ አይደለም። ትራይክሎካርባን በዋናነት የሚሠራው በተወሰኑ የባክቴሪያ ዓይነቶች ላይ ነው፤ ተቅማጥ በሚያመጡት በብዙዎቹ ባክቴሪያዎች ላይ ኃይሉ ደካማ ሲሆን፣ ቫይረሶችን አያሸንፍም። በተጨማሪም ሳሙና በእጅ ላይ የሚቆየው ለጥቂት ሰከንዶች ብቻ ስለሆነ አብዛኛው ቅመም ሥራውን ሳይሠራ ከውሃው ጋር ይፈስሳል።

ከዚህ በኋላ እ.ኤ.አ. በመስከረም 2016 የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ትራይክሎሳንንና ትራይክሎካርባንን ጨምሮ 19 ቅመሞች ሕዝብ በየቤቱ በውሃ በሚታጠብባቸው የፀረ ተሕዋስያን ሳሙናዎች ውስጥ እንዳይገቡ ወሰነ። አምራቾቹ ቅመሞቹ ለረጅም ጊዜ በየዕለቱ ቢወሰዱ ጉዳት እንደሌላቸው፣ ከተራ ሳሙናና ከውሃም እንደሚበልጡ የሚያሳይ በቂ ማስረጃ ማቅረብ አልቻሉም። ውሳኔው በሆስፒታል ውስጥ ባለሙያዎች የሚጠቀሙባቸውን ማጽጃዎች አይመለከትም፤ ቀዶ ሕክምና የሚያደርግ ሐኪም የሚታጠብበት ነገር በባለሙያ ቁጥጥር ሥር የሚውል ሌላ ጉዳይ ነውና።

ነጭ ሳሙና ለምን ይወይባል?

የመወየብ ምክንያቶች ብዙ ቢሆኑም በአራት ከፍለን ልናያቸው እንችላለን።

አንደኛው የስቡ ጠባይ ነው። ስብ ሁሉ ከአየር ጋር ሲገናኝ ውሎ አድሮ ይበላሻል፤ ነገር ግን ፍጥነቱ እንደየዓይነቱ ይለያያል። እንደ ሞራና እንደ ኮኮናት ዘይት ያሉት፣ ሲቀዘቅዙ የሚረጉ ስቦች፣ አየርን ለረጅም ጊዜ ይቋቋማሉ። እንደ ኑግና እንደ ሱፍ ያሉት ፈሳሽ ዘይቶች ግን ከግማሽ በላይ የሚሆነው አካላቸው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባለው፣ ከኦክስጅን ጋር በቀላሉ የሚዋሐድ ስብ ነው። የኑግ ዘይት ለወጥ የተመሰገነ ቢሆንም በብዛት የገባበት ሳሙና ቶሎ ይከረፋል፣ ብርቱካናማ ነጠብጣብም ያወጣል። ለመጥበሻ ያገለገለ ዘይት ደግሞ መበላሸት የጀመረው ወደ ሳሙና ቤት ከመድረሱ በፊት ነው።

ሁለተኛው ብረትና መዳብ ነው። እነዚህ ማዕድናት በዓይን በማይታይ መጠን እንኳ ቢገኙ የስቡን መበላሸት በእጅጉ ያፋጥኑታል። የሚመጡትም ከዛገ በርሜል፣ ከመዳብ ዕቃ፣ ከዛገ ቢላዋ፣ ሳሙናው ከሚደርቅበት የሽቦ አልጋና ብረት ከበዛበት የጉድጓድ ውሃ ነው። ስቡ ጥሩ ሆኖ፣ ሚዛኑም ተጠብቆ ሳሙናው ነጠብጣብ ቢያወጣ፣ በመጀመሪያ ሊጠረጠር የሚገባው የነካው ብረት ነው።

ሦስተኛው ሙቀትና ብርሃን ነው። ሞራ ሲነጠር ካረረ ቡናማ ቀለሙ ሳሙናው ውስጥ ይቀራል። ማር ወይም ወተት የተጨመረበት ሳሙናም በውስጡ ያለው ስኳር በሶዳውና በሙቀቱ ስለሚያር ይጠቁራል። በመስኮት አጠገብ የሚደረደር ሳሙና ደግሞ በፀሐይ በኩል ያለው ፊቱ አስቀድሞ ይለወጣል።

አራተኛው የሚጨመረው ነገር ነው። ቫኒላ ያለበት ሽቶ ሳሙናን ቡናማ ያደርገዋል፤ የቅርንፉድ ዘይትም እንዲሁ። የሺፈራው ቅጠል ዱቄት ሲገባ አረንጓዴ ነው፤ ከቆየ በኋላ ግን ወደ ቡናማነት ያዘነብላል። የኒምና የጥቁር አዝሙድ ዘይት ከመጀመሪያውም የራሳቸው ቀለም አላቸው። ትራይክሎሳንም ብርሃን ሲያገኘው ይወይባል። ትራይክሎካርባን ደግሞ በሶዳ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ሲሞቅ ክሎሮአኒሊን ወደሚባሉ፣ ቀለም ወደሚያመጡና ለጤናም ወደማይበጁ ነገሮች ሊፈርስ ይችላል።

እዚህ ላይ በፋብሪካና በእኛ መካከል ያለውን ልዩነት ማስተዋል ይገባል። ቅመም የሚጠቀም ፋብሪካ ሳሙናውን አስቀድሞ ሠርቶ፣ አድርቆና አድቅቆ፣ ቅመሙን የሚጨምረው በመጨረሻ፣ ሙቀቱ ዝቅ ባለበት ጊዜ ነው። ብረትን የሚያስሩ እንደ ኤዲቲኤ ያሉ ነገሮችንና ስቡን ከአየር የሚጠብቁ እንደ ቢኤችቲ ያሉ ነገሮችን በጥቂት መጠን ያክልበታል፤ ከዚያም ብርሃን በማያሳልፍ ወረቀት ይጠቀልለዋል። በማኅበሮቻችን አሠራር ግን ሳሙናው የሚዋሐደው በቅርጹ ውስጥ ሆኖ፣ ራሱን በራሱ እያሞቀ ነው። በውስጡ የገባ ቅመም ለሰዓታት በትኩስ ሶዳ ውስጥ ይቀቀላል ማለት ነው። የፋብሪካውን ቅመም ያለ ፋብሪካው አሠራር መውሰድ ዘሩን ያለ መሬቱ እንደ መውሰድ ይቆጠራል።

አንዳንዶች ለቁስል ወይም ለወለል ማጽጃነት የሚሸጡ ፈሳሾችን ወደ ሳሙናው ለመጨመር ያስባሉ። ቤንዛልኮኒየም ክሎራይድ የሚባለውና እርሱን የመሰሉት ማጽጃዎች ከሳሙና ጋር ሲገናኙ እርስ በርሳቸው ይሻሻራሉ፤ ማጽጃውም ሳሙናውም ኃይላቸውን ያጣሉ። በረኪና ጨምሮ ለማንጣት መሞከርም ከንቱ ነው፤ በሳሙናው ውስጥ ተቃጥሎ ያልቃል። ከአሲድ ጋር ከተገናኘ ደግሞ ትንፋሽ የሚያፍን መርዘኛ ጋዝ ያወጣል። በመሆኑም በረኪና ወደ ሳሙና ሥራ ቤት ፈጽሞ መግባት የለበትም።

ስለ ሀገራችን ዕፀዋትም አንድ ነገር እንበል። እናቶቻችን ነጠላና ጋቢ የሚያነጡበት እንዶድ በሳይንስ ዓለም የታወቀው በፕሮፌሰር አክሊሉ ለማ አማካይነት ነው። እርሳቸው እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ ሰዎች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎችን ተመልክተው፣ እንዶድ የብልሃርዝያን በሽታ የሚያስተላልፉትን ቀንድ አውጣዎች እንደሚገድል አወቁ። ይህም ግኝት ለዓመታት በምርምር ተፈትኗል። ከዚህ የምንማረው የአንድ ተክል ኃይል የሚነገረው በተፈተነበት ነገር ላይ ብቻ መሆኑን ነው። እንዶድ ልብስ ያነጣል፣ ቀንድ አውጣ ይገድላል፤ ዓይንንም ክፉኛ ያቃጥላል። ስለዚህ ልብስ ያነጣል በሚል ብቻ ወደ ሕፃናት የገላ ሳሙና ልንጨምረው አይገባም።

የማይወይብ ሳሙና አሠራር

አሁን ወደ ተግባሩ እንምጣ። ለ10 ኪሎ ግራም ስብ የሚሆን አንድ ቀመር እናቅርብ።

8 ኪሎ ግራም የነጠረ ሞራና 2 ኪሎ ግራም የኮኮናት ዘይት ይዘጋጃል። ሞራው ሳሙናውን ያጠነክረዋል፤ የኮኮናት ዘይቱ አረፋ ይሰጠዋል። አንድ ኪሎ ግራም ሞራ ወደ 140 ግራም፣ አንድ ኪሎ ግራም የኮኮናት ዘይት ወደ 183 ግራም ኮስቲክ ሶዳ ይፈልጋል። ስለዚህ ለሞራው 1120 ግራም፣ ለዘይቱ 366 ግራም፣ በድምሩ 1486 ግራም ይሆናል። ከዚህ ላይ 5 በመቶ ተቀንሶ 1410 ግራም ገደማ እንጠቀማለን። ቅናሹ ጥቂት ስብ ሳይዋሐድ እንዲተርፍና ሳሙናው ለቆዳ እንዲለሰልስ ያደርጋል። ነገር ግን ቅናሹን ከ5 በመቶ በላይ ማብዛት አይገባም፤ በመደርደሪያ ላይ ቀድሞ የሚበላሸው ይኸው ያልተዋሐደ ስብ ነውና።

ብረትን ለማሰር 100 ግራም ሲትሪክ አሲድ እንጨምራለን። አሲዱ ራሱ የተወሰነ ሶዳ ስለሚበላ፣ ለእርሱ ማካካሻ 62 ግራም ሶዳ ይታከላል፤ ጠቅላላው ሶዳ ወደ 1470 ግራም ይደርሳል። የሎሚ ጭማቂ ይህንን ሥራ አይተካም፤ የአሲዱ መጠን አይታወቅም፣ በውስጡ ያለው ስኳርም ያጠቁራል። ውሃው 2.9 ሊትር ያህል ነው። የኮኮናት ዘይት ካልተገኘ በእርሱ ፈንታ 2 ኪሎ ግራም የፓልም ዘይት መጠቀም ይቻላል፤ ያን ጊዜ ጠቅላላው ሶዳ፣ የሲትሪክ አሲዱን ማካካሻ ጨምሮ፣ ወደ 1395 ግራም ዝቅ ይላል፤ አረፋውም ይቀንሳል። ሌላ ዘይት የሚጠቀም ማኅበር የዚያን ዘይት የሶዳ ልክ ሳያረጋግጥ በዚህ ቀመር መሥራት የለበትም። ሁሉም ነገር በሚዛን ይለካል፤ በጣሳና በኩባያ የተለካ ሶዳ አንድ ቀን ቆዳ ያቃጥላል፣ አንድ ቀን ሳሙናውን ያከረፋል።

ሞራው ትኩስ መሆን አለበት። ከዐቢይ ጾምና ከገና ጾም ፍቺ በኋላ በየሰፈሩ ቅርጫ ሲታረድ ብዙ ሞራ ይጣላል፤ በዚያው ቀን ቢሰበሰብ እጅግ ጥሩ ግብዓት ነው። ተቆራርጦ ከውሃና ከጥቂት ጨው ጋር በዝግታ ይቀልጣል፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጠለላል፣ ከረጋ በኋላ ከሥሩ ያለው ዝቃጭ ይፋቃል። ነጭና ሽታ የሌለው እስኪሆን ድረስ ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ይደገማል።

ውሃው ብረት ያለበት መሆኑን በቀላሉ ለመፈተን ጥቂት ውሃ በነጭ ዕቃ ማሳደር ነው፤ ቀላ ያለ ዝቃጭ ከታየ ብረት አለበት። ሻይ ሲፈላበት ከልክ በላይ የሚጠቁር ውሃም ያጠራጥራል። እንዲህ ያለውን ውሃ ማፍላት ብረቱን አያስወግደውም፤ ዝገት ከሌለበት ጣሪያ የተጠራቀመ የዝናብ ውሃ ይሻላል።

ዕቃው የማይዝግ ብረት ወይም ወፍራም ፕላስቲክ ይሁን። የአሉሚኒየም ድስት ፈጽሞ አይነካም፤ ሶዳው ይበላዋል፣ ተቀጣጣይ ጋዝም ያወጣል። በመጀመሪያ ሲትሪክ አሲዱ በውሃው ውስጥ ይሟሟል። ከዚያ ሶዳው በጥቂት በጥቂቱ ወደ ውሃው ይጨመራል፤ ውሃ በሶዳ ላይ አይደፋም፣ ይገነፍላልና። የሚሠራው ሰው ጓንትና የዓይን መከላከያ መነጽር ያድርግ፤ ሥራው ነፋሻ ቦታ ላይ ይሁን፤ ልጆች አይቅረቡ። ሶዳ ቆዳ ወይም ዓይን ከነካ ወዲያውኑ በብዙ ንጹሕ ውሃ ለረጅም ጊዜ ማጠብና ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። ሶዳው የሚቀመጠው በተቆለፈ ሳጥን ውስጥ፣ ክዳኑ በሚገባ ተከድኖ ነው።

የሶዳው ውሃና የቀለጠው ስብ ሁለቱም ወደ 45 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲቀዘቅዙ ይቀላቀላሉ። ውህዱ እንደ አጥሚት ሲወፍር ወደ ቅርጹ ይገለበጣል። በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ተቆርጦ፣ በእንጨት መደርደሪያ ላይ፣ በጥላና አየር በሚዘዋወርበት ቦታ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይደርቃል። ብርሃን በማያሳልፍ ወረቀት ተጠቅልሎ በደረቅ ቦታ ይቀመጣል።

ምርቱን መፈተን

እያንዳንዱ የሥራ ዙር ቁጥር ይሰጠው፤ ቀኑ፣ ስቡ የመጣበት ቦታ፣ የሶዳው ልክና የውሃው ምንጭ በመዝገብ ይጻፍ። ከየዙሩ ሦስት ፍሬ ሳሙና ይቀመጥ፤ አንዱ በመስኮት ላይ፣ አንዱ በጨለማ ሣጥን፣ አንዱ ሙቀት በሚበዛበት ከቆርቆሮው ጣሪያ ሥር። በየሳምንቱ ጎን ለጎን አድርጎ ማስተያየት ለሁለት ወር ይቀጥላል።

የሚታየው ምልክት ምክንያቱን ይጠቁማል። ብርቱካናማ ነጠብጣብ ከክርፋት ጋር ከወጣ ብረት ወይም ያረጀ ስብ ይጠረጠራል። ሳሙናው በሙሉ እኩል ከጠቆረ ሽቶው ወይም ሌላው ጭማሪ ነው። በመስኮት በኩል ብቻ ከወየበ ብርሃን ነው። በላዩ ላይ ነጭ ዱቄት ቢታይ ግን ሶዳው ከአየር ጋር ተገናኝቶ የፈጠረው ስለሆነ ይጠረጋል እንጂ ብልሽት አይደለም። ከመሸጡም በፊት የሳሙናው አረፋ በፒኤች ወረቀት ይለካ። ከ9 እስከ 10 ተኩል የሳሙና ተፈጥሮ ነው፤ ከ11 በላይ ያሳየ ሳሙና ለገበያ አይወጣም።

በመጠቅለያው ላይ ምን ይጻፍ?

የመጨረሻውና በእኛ አመለካከት ከሁሉ የሚከብደው ጉዳይ ይህ ነው። ከማኅበራቱ አንዳንዶቹ፣ «ገዢው የሚፈልገው ‹ጀርም ይገድላል› የሚለውን ቃል ነው፤ እርሱን ካልጻፍን አይገዛንም» ይላሉ። ጭንቀታቸው እውነተኛ ነው፤ ልንንቀው አይገባንም። ይሁን እንጂ ይህ ቃል በአንዲት እናት ቤት የሚያደርገውን እናስብ። የልጇ ዓይን ሲቀላና ሲያዝ «ፀረ ተሕዋስያን» የተባለውን ሳሙና ገዝታ በእርሱ ታጥበዋለች፤ መድኃኒት የያዘች መስሏት ወደ ጤና ጣቢያ የምትሄድበትን ቀን ታዘገያለች። ትራኮማ በሚበዛባቸው ወረዳዎች ይህ መዘግየት በዓይን ላይ የሚመጣ ጉዳት ነው። ፊትን መታጠብ ትራኮማን ለመከላከል ከተቀመጡት አራት መንገዶች አንዱ ነው፤ ነገር ግን የሕክምናውን ቦታ አይተካም። በእከክ የተያዘ ልጅም በሳሙና ብቻ አይድንም። ገዢዋ መጠቅለያውን የምታምነው ሻጮቹን ስለምታውቃቸው፣ በአጥቢያዋም ስም የቀረበ ስለሆነ ነው። ያ እምነት ከጠፋ በቅናሽ ዋጋ አይመለስም።

ስለዚህ በመጠቅለያው ላይ እውነት የሆነው ብቻ ይጻፍ፤ «የእጅና የገላ ሳሙና፤ ከሞራና ከኮኮናት ዘይት የተሠራ» የሚል፣ ክብደቱ፣ የተሠራበት ቀን፣ የዙሩ ቁጥር። ከዚህ በታች፣ «ከምግብ በፊትና ከመጸዳጃ በኋላ እጅዎን ለ20 ሰከንድ በሳሙናና በውሃ ይታጠቡ» የሚል ምክር ይታከልበት። ይህ ምክር ከማንኛውም ቅመም የበለጠ ልጆችን ይጠብቃል። የሕክምና ኃይል አለው የሚል ቃል መጻፍ የሚፈልግ ማኅበር ካለ ግን፣ አስቀድሞ ጉዳዩ የሚመለከተውን የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይጠይቅ።

ከኮሚቴዎች የሚጠበቀው

ክቡራን አባቶቻችንና የኮሚቴ አባላት፣ ከዚህ በመነሣት አራት ነገሮችን በየጉባኤያችሁ እንድትወስኑ በአክብሮት እናሳስባለን።

በመጀመሪያ፣ ለቅመም ሊወጣ የታሰበው ገንዘብ ለትክክለኛ ሚዛን፣ ለማይዝግ ብረት ድስት፣ ለጓንትና ለመነጽር ይዋል።

ሁለተኛ፣ በጾም ፍቺ ዕለታት ሞራ የሚሰበሰብበት ሥርዓት ይዘርጋ፤ ንጹሕ መያዣ አስቀድሞ ይዘጋጅ፤ በየቅርጫው ማኅበር የሚጠይቅ ሰው ይመደብ።

ሦስተኛ፣ የመጀመሪያው ገዢ ሰበካው ራሱ ይሁን። በየመጸዳጃው በር፣ በየሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ ይልቁንም በየአብነት ትምህርት ቤቱ ውሃ ያለበት ጀሪካንና ሳሙና ይኑር። በአንድ ጎጆ ተጠጋግተው የሚያድሩ ተማሪዎች የቆዳ በሽታና ተቅማጥ በቀላሉ ይተላለፍባቸዋል። ሳሙናውን ለእነርሱ መግዛት የእናቶችን ገበያ የሚያጸና፣ የተማሪዎቹንም ጤና የሚጠብቅ አንድ ወጪ ነው።

አራተኛ፣ ማንኛውም መጠቅለያ ከመታተሙ በፊት ኮሚቴው ያንብበው። የማይታወቅ ነገር የተጻፈበት ከሆነ ይመልሰው።

እነዚህ አራቱ ከተፈጸሙ፣ ነጭ ሆኖ የሚቆይ፣ ቆዳ የማያቃጥል፣ የተጻፈበትን የሚያደርግ ሳሙና በየአጥቢያችን ሊኖር ይችላል። ገዢም አንድ ጊዜ በቃል ተስቦ ሊገዛ ይችላል፤ ለሁለተኛ ጊዜ የሚመጣው ግን ሳሙናው በመደርደሪያው ላይ ሳይወይብ፣ በእጁም ሳያሳፍረው ሲቀር ነው። በየማኅበሩ ያለውን ቀመር ለመፈተሽና የሶዳውን ልክ አብሮ ለማስላት የምትሹ ሁሉ የዙር መዝገባችሁንና ሦስቱን የናሙና ሳሙናዎች ይዛችሁ ብትመጡ፣ አብረናችሁ ለመሥራት ዝግጁዎች ነን።